የሐምሌው ስለት

ነፃነት ሽመልስ «ተቀበሉኝ!» ብላ የጮኸችው ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው ሳታነብ ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው እንዴት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ይጮኻል? ያውም ማን? የጉድጓድ ጥልቀት ደጋግማ ሳትለካ ቁጥር የማትጽፍ፣ ተማሪዎቿን «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ» እያለች የምታሰለች የዩኒቨርሲቲ መምህርት! ግን አምስት ዓመት ሙሉ «እናዝናለን» የሚል መልስ ብቻ ያነበበ ዓይን «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ሲያጋጥመው ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። አይፈረድባትም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሐረር አቦከር ያለው ግቢያቸው ውሃ የሚያገኘው በደግ ቀን ነው፤ የዚያን ዕለት መጥቶ ስለነበር እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን እየሞሉ ነበር። ጎረቤታቸው ዘነበች ተራዋን ትጠብቃለች። ነፃነት ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ በረንዳው ላይ ብቅ አለች።

«ተቀበሉኝ! እማዬ፣ ለዶክትሬት ተቀበሉኝ!»

ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው። የዘነበች እልልታ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ከአጥሩ ወዲያ «ማን አገባ?» የሚል ድምፅ ወዲያው ተሰማ። ወይዘሮ ገላነሽ ግን እልል አላሉም። ቧንቧውን ሳይዘጉ የሞላው ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉ። ያ ስንት ቀን የተጠበቀ ውሃ ጫማቸው ላይ ይፈስ ጀመር።

«ገንዘቡንም ይሰጡሻል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይሰጡኛላ፣ እማዬ! ቆይ ላንብብልሽ...» ብላ ነፃነት ወደ ኢሜይሉ ታች ወረደች። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

አራተኛው አንቀጽ በጣም ጨዋ ነበር። በበጀት መቀነስ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ዘንድሮ ለተመራማሪዋ ሊከፍል ያሰበውን ደመወዝ መክፈል እንደማይችል፣ ሆኖም ቦታዋ እስከ ጥር መጨረሻ ተጠብቆ እንደሚቆይላት፣ እስከዚያ የራሷን የገንዘብ ምንጭ ማስረጃ ብታቀርብ በታላቅ ደስታ እንደሚቀበሏት ይናገራል። ከሥሩ ደግሞ ሞቅ ያለ ሰላምታ አለበት።

እንግዲህ ይህ አዎ ነው ወይስ አይደለም? ነፃነት ሁለተኛ አነበበችው፣ ሦስተኛም አነበበችው። ከላይ ሲያነቡት ሰርግ፣ ከታች ሲያነቡት ለቅሶ ነው። ቀና ስትል ዘነበች ጀሪካኗን ጥላ ወሬውን ይዛ ሄዳለች።

«ምነው?» አሉ እናቷ።

«ምንም። ሂደት ላይ ነው ይላል» አለች። ሂደት ላይ ነው የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው ይባረክ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ስንቱን አስጥሏል።

እኩለ ቀን ሳይሆን «ዶክተር ነፂ» የሚሉ ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት። ጎረቤታቸው ጋሽ ግርማ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ፣ «መቼ ነው አውሮፕላን ጣቢያ የማደርስሽ?» ብለው አፋጠጧት። ሁሉንም እየሳቀች ሸኘች። ጉንጯን በሳቅ ብዛት አመማት።

*

የዶክትሬት ነገር ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ጎበዝ ከሆንክ ይወስዱሃል፣ ትማራለህ፣ ትመለሳለህ። ነፃነትም ድሮ እንደዚያ ይመስላት ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ሆነባት። ስኮላርሺፕ ሰጪው «መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይቀበልሽ» ይላል። ዩኒቨርሲቲው «መጀመሪያ የሚያማክርሽ ፕሮፌሰር ፈልጊ» ይላል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ «በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ስኮላርሺፕ አግኚና ተመለሺ» ይላታል። አንዱ ማስታወቂያ ፕሮፌሰሮቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ ብሎ ያዝዛል፤ ሌላው ቀድሞ ያነጋገረ ይሰረዛል ብሎ ያስፈራራል። በባንክ ካርድ የማመልከቻ ክፈይ የሚሉም አሉ፤ የእሷ ካርድ ድሬዳዋ ድረስ ይሠራል፣ ባሕር መሻገር ግን አይሆንለትም። «ሙሉ ድጋፍ» ብሎ በትልቁ ጀምሮ ከታች በደቃቅ ፊደል ለአገሩ ዜጎች ብቻ የሚልም አጋጥሟታል። ያን ቀን ላፕቶፑን ዘግታ ራሷን ይዛ ነው የዋለችው።

ዕድሜዋም አይጠብቃትም። ሠላሳ ሁለት ሞልቷታል፤ ከዚህ በኋላ በሩን የሚዘጉባት ብዙ ናቸው። የምታጠናው ደግሞ የቅንጦት ነገር አልነበረም። ድሬ ጠያራ በሚባለው ገጠር ባሉት የገበሬ ጉድጓዶች ውስጥ ውሃው በየዓመቱ ምን ያህል እየራቀ እንደሚሄድ ትለካለች። ለሐረር ሰው ውሃ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ የሐረር ልጅ ካላጠናው ማን ሊያጠናው ነው? አንዲት የመንደሩ አሮጊት አንድ ቀን ነፃነት መለኪያ ገመዷን ወደ ጉድጓዱ ስታወርድ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «አንቺ ልጅ፣ ሁልጊዜ ገመድ ታወርጃለሽ፣ አንድም ቀን ውሃ አታወጪም» አሏት። ሴትየዋ ለቀልድ ነበር ያሉት፤ እሷን ግን አንጀቷን በላት። መለካቱን ታውቃለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪና የሚያስተምራት ሰው ግን እዚህ የለም።

እናም ባለፈው ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ያላሰበችውን ነገር አደረገች። በየዓመቱ ሁለቴ፣ በሐምሌና በታኅሣሥ፣ እናቷን ተከትላ ቁልቢ ገብርኤል ትሄዳለች። ስለት የእናቷ ጉዳይ ነበር፤ እሷ ቦርሳ ያዥ ነበረች። የዚያን ቀን ግን ካፊያ ወርዶ እናትና ልጅ በአንድ ነጠላ ሥር ተጠግተው ቆሙ። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ በሙሉ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ጤና፣ አንዱ ቪዛ ሲለምን ስትሰማ እሷም ወደ መቅደሱ ዞረች። ከአምስት ዓመት ልመና በኋላ ለፕሮፌሰር ያልጻፈችው ምን ቀርቶ ነው ለመልአክ የማትናገረው? «ገብርኤል ሆይ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ተቀብለንሻል ይበለኝ፤ በታኅሣሥ ከቀርሳ ጀምሮ በባዶ እግሬ እመጣለሁ» አለች በሹክሹክታ።

ብላ ሳትጨርስ አፈረች። እናቷ ሰምተዋት እንደሆነ ብላ በጎን ብታይ የወይዘሮ ገላነሽም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ዓይናቸው ተጨፍኖ እንባ ወርዷል። ምን እንደሚሉ አልጠየቀችም። የእናት ጸሎት ለልጅ ነው፤ ምን ይጠየቃል?

*

ነኢማ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የኮፒና የጽሑፍ ቤት አላት። ከነፃነት ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያደጉት። የነፃነትን የትምህርት ማስረጃ ስንት ጊዜ ኮፒ እንዳደረገች ለማንም አትናገርም፤ ማሽኑ ራሱ በቃሉ ይዞታል ትላለች።

ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበርና ገና ከበሩ «ማሻአላህ! ሙባረክ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ነፃነት ስልኳን ሰጠቻት። ነኢማ አነበበች፤ ወደ አራተኛው አንቀጽ ስትደርስ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? አሁን እኔ ሙባረክ ልበልሽ ወይስ አላህ ያጽናሽ?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው!»

ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ዞር ብለው አዩዋት። ነፃነት ድምጿን ዝቅ አደረገችና የስለቱን ነገር ነገረቻት። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ ብላ ለቤተ ክርስቲያኗ አባቶች መንገር ስላፈረች ነው የቁልቢን ስለት በነኢማ ለማስፈረድ ያመጣችው።

ነኢማ ነገሩን በቁም ነገር ያዘችው። ማሽኗን አጠፋች።

«እኛ ነዝር እንለዋለን» አለች። «ለአላህ የገባሽው ቃል ነው፤ የተሳልሽው ከተሰጠሽ መክፈል ግዴታሽ ነው። ጨዋታ የለም። እና ቃል በቃል ምን አልሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ ይቀበለኝ።»

«ተቀበለሽ?»

«ተቀበለኝ።»

«ገንዘብ ብለሻል?»

ነፃነት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች መደርደር ጀመረች።

«ነፂ፣ ገንዘብ ብለሻል?»

«አላልኩም! አብሮ የሚመጣ መስሎኝ ነዋ!»

ነኢማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋ ግን በጣቶቿ መሀል አመለጠ። «ወላሂ አንቺን ምን ላድርግሽ? ለፈረንጆቹ ስትጽፊ በጀት የሚል ርዕስ አለሽ፣ ከሥሩ ሰንጠረዥ አለሽ፤ እኔው አይደለሁ የማትምልሽ? ለመልአኩ ሲሆን በጀቱን ትረሺዋለሽ?»

«ታዲያ ሰመረ ነው የሚባለው አልሰመረም?»

«በእኔ በኩል ሰምሯል። ትሄጃለሽ፣ በባዶ እግርሽ።»

ነፃነት ከዚያ ስትወጣ ከገባችበት የባሰ ግራ ተጋብታ ነበር። ያልሄደችበትን ትምህርት በእግሯ ሄዳ ልታመሰግን ነው? ካልሄደች ደግሞ ቃል መብላት ነው። አንዴ በስለት አላምንም ትላለች፣ አንዴ ደግሞ ቃል ካጠፈች ያ የተጠበቀላት ቦታም የሚጠፋ ይመስላታል። አላምንም ያለችውን ነገር ይህን ያህል መፍራቷ ራሱ አናደዳት።

*

በሳምንቱ የተቀበላት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታማክራት ፕሮፌሰር በቪዲዮ አነጋገረቻት። ደግ ሴት ነበረች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ከኋላዋ ባለው መስኮት በረዶ ይታያል። ነፃነት መብራት እንዳይጠፋ እየጸለየች ሳሎን ተቀምጣለች። ወይዘሮ ገላነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ምስር ይለቅማሉ።

ፕሮፌሰሯ የድሬ ጠያራን ልኬቶች ስታሞግስ ቆየች። እንዲህ ዓይነት መረጃ ሌላ ማንም የለውም፣ አብረን ብንሠራ ዕድለኛ ነኝ፣ ለአንቺ ጠረጴዛ እንኳ አዘጋጅቻለሁ አለች። ነፃነት ጠረጴዛውን በሐሳቧ አየችው። ከዚያ ሴትየዋ ትንፋሿን ሳብ አደረገችና «አንፎርቹኔትሊ» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አዝናለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ተስፋ አትቁረጪ ነበር። አንድ የገንዘብ ድርጅት ስም ሰጠቻት። ነፃነት ስልኩ እንደተዘጋ ድረ ገጹን ከፈተችው፤ ድርጅቱ የሚረዳው ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ላላቸው ተመራማሪዎች ነው ይላል። ደመወዝ ላለው ደመወዝ የሚሰጥ ድርጅት! ስቃ ልታልፈው ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት።

«ምን አለችሽ?» አሉ እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ደህና ነው። ሂደት ላይ ነው።»

ወይዘሮ ገላነሽ ሰፌዳቸውን ወዘወዙ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቴሌ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ሥራቸው ነበር። ምስሩ ብቻ ሰፌዱ ላይ ሲንሿሿ ተሰማ።

በበነጋው እናቷ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ጀጎል ወጡ። ሲመለሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተሰፋለት። ዘርፉን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚሠራው አብዱልፈታ ነው የሰፋላቸው፤ የቁልቢ መሆኑን ሲሰማ ጨረፍ አድርጎ የሚሰፋው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ደርቦ ሰፍቶታል።

«ለታኅሣሥ ነው» አሉ። «ስለቴ ሰምሮልኛል።»

ነፃነት ጥላውን ተቀብላ አየችው። እናቷ ልጄ ተሳካላት ብለው፣ ያልሆነውን ሆነ ብለው፣ ከጡረታቸው ቆጥበው ስለት ሊያስገቡ ነው። ያቺ አንዲት ቃል፣ ሂደት ላይ ነው የምትለዋ፣ አሁን ከፋይ ለብሳ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቀለች። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ ትላለች። አንድ ቀን ልትጀምር ስትል ወንድሟ ዮሲ ከስዊድን ደወለ፤ ሌላ ቀን ዘነበች ገባች፤ ሌላ ቀን ደግሞ ማንም ሳይከለክላት አፏ ተሳሰረ። እናቷን ማሳዘን ፈራች። እንዲያውም ከዚያ የባሰ ነገር ፈራች፤ ገንዘብ እንደሌለ ጮክ ብላ ከተናገረችው እውነት የሚሆን መሰላት።

*

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ በማለዳ የጋሽ ግርማ ሚኒባስ የሰፈሩን ሰው ጭኖ ወጣ። ቀርሳ ሲደርሱ ነፃነት «ወራጅ አለ» አለች። ጫማዋን አወለቀችና ለእናቷ ሰጠቻቸው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

«ስለት አለብኝ።»

«አንቺ? ስለት?» እናቷ ጫማውን እንደያዙ ፈዘው ቀሩ። ጋሽ ግርማ «ዶክተሯ ውለታ የምታውቅ ናት!» ብለው መኪናውን አስነሡ።

መንገዱ በሰው ተጥለቅልቋል። ጧፍ የያዘ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ጎልማሳ አለ። ሁሉም ለምን እንደሚሄድ ያውቃል። እሷ ብቻ ናት ታመስግን ወይስ ትውቀስ ያላወቀችው። የአስፋልቱ ጠጠር እግሯን ሲበላት «እኔ እኮ የምሄድበት የለኝም» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን ጠረጴዛ አዘጋጅታልኛለች» ትላለች። እንዲህ ስትሟገት ቆይታ ቁልቢ ልትገባ ስትል አንድ ኩርባ ላይ እናቷን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መኪናው በሰልፉ ተይዞ መንቀሳቀስ ስላቃተው ወርደው ነው። የተጠቀለለው ጥላ ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል።

ነፃነት አጠገባቸው ዘጭ አለች። ከዚህ በኋላ በሩ ነው፤ አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም።

«እማዬ፣ ያን ጥላ እንዳታስገቢው።»

«ለምን?»

«ገንዘብ የለም። ተቀበሉኝ እንጂ ገንዘብ አልሰጡኝም። እስከ ጥር ካላገኘሁ አልቋል፤ እኔ ደግሞ የማገኝበት ቦታ የለም። የትም አልሄድም። ስለትሽ አልሰመረም፣ እማዬ። ዋሽቼሻለሁ።»

ወይዘሮ ገላነሽ አልደነገጡም። የጥላውን ላስቲክ አስተካከሉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ከመጋረጃው ወዲያ ሰምቼሻለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ስልክ ያገናኘሁ ሴት ነኝ፣ ልጄ። አንፎርቹኔትሊ ካሉ በኋላ ያለውን መስማት አያስፈልግም።»

«ታዲያ ጥላውን ለምን ገዛሽ?»

እናቷ አንገታቸውን ደፉ።  በፊታቸው መዝሙር የሚዘምሩ ልጆች አለፉ።

«ጥላውን የተሳልኩት እንድትሄጂ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እንዳትሄጂ ነው።»

ነፃነት የሰማችውን አላመነችም። እናቷ ግን አንዴ ጀምረዋልና ቀጠሉ።

«ዮሲም ለትምህርት ነው የሄደው። አራት ዓመት ብሎኝ ነበር፤ ስንተኛው እንደሆነ ተይው። አባትሽን ስንቀብር በስልክ ነው ያለቀሰው፤ ስልኩን መቃብሩ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቴሌ እያለሁ እናቶች የስልክ ሣጥኗ ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱ መስመሩን እይዝላቸው ነበር። አንዳንዷ መናገር ሲያቅታት ደቂቃዋ ያልቅባታል። አንቺም ስትሄጂ እኔም እንደነሱ ልሆን ነው አልኩ። በሐምሌ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ፣ ይቺን ደግሞ አትውሰድብኝ አልኩት።»

ነፃነት ብድግ ብላ መንገዷን ቀጠለች። ተናደደች፤ እንደዚህ በእናቷ ላይ ተናድዳ አታውቅም። አምስት ዓመት ስትለፋ አብረው ሲመርቋት የነበሩት እኚህ ሴትዮ ናቸው! በሰሜን አውሮፓ ያለ የዩኒቨርሲቲ በጀት በሐረር ጡረተኛ ስለት እንደማይቀነስ ታውቃለች፤ ይህን የማያውቅ መምህር የለም። ታውቃለች፣ ግን ተናደደች። ደግሞም በንዴቷ መሀል ያ በመቃብር ላይ የተያዘ ስልክ ዓይኗ ላይ ይመጣባታል። እሷም እዚያው ቆማ ነበር። የእናቷን እጅ ግን አላየችም፤ ስልኩን ብቻ ነው ያየችው።

ከኋላዋ ትንፋሽ ሰማች። ወይዘሮ ገላነሽ ጥላውን በአንድ እጅ፣ ጫማዋን በአንድ እጅ ይዘው ደረሱባት።

«አንቺስ» አሉ እያለከለኩ፣ «ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«ተዪኝ እማዬ።»

«ንገሪኝ።»

«ዩኒቨርሲቲ ይቀበለኝ ብዬ ነው።»

«ገንዘቡንስ?»

«ረሳሁት» አለች ነፃነት በእልህ።

ወይዘሮ ገላነሽ መንገዱ መሀል ቆሙ። ፊታቸው መጀመሪያ ምንም አልነበረበትም፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሳቁ ያልቅሱ አይለይም ነበር። «ገብርኤል ሁለታችንንም ሰማን!» አሉ። «አንቺንም እኔንም! ተቀበሉሽ፣ ቀረሽ። ምን ያድርግ፣ እሱስ ግራ ገባው!»

ነፃነት ላለመሳቅ ጥርሷን ነከሰች፤ አልሆነላትም። አስፋልቱ መሀል ተደጋግፈው ሲንፈቀፈቁ ድንጋይ የተሸከመው ጎልማሳ ዞሯቸው አለፈ። ሳቁ ሲያልቅ ንዴቷ እዚያው ነበር፣ ትንሽ ግን ተለሳልሷል።

«ታዲያ አሁን እናስገባው አናስገባው?» አለች ወደ ጥላው እያየች።

«ቃል ነው» አሉ እናቷ። «አንቺም በእግርሽ፣ እኔም በጥላዬ። ካስገባን በኋላ እንተያያለን።»

ስለት መቀበያው ጋ ወረፋው ረጅም ነበር። ወይዘሮ ገላነሽ ጥላውን ሲያስረክቡ እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም፤ ተቀባዩ ዲያቆን ቀስ አድርጎ ወሰደላቸው። ነፃነት ይወጣሉ ብላ ስትጠብቅ እናቷ ወደ መቅደሱ ዞረው ተንበረከኩ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴ ቆም ብሎ ያስባል፣ የረሳውን እንዳስታወሰ ደግሞ ይቀጥላል። ነፃነት ያበጠ እግሯን እያሻሸች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ምን እየለመኑ እንደሆነ በዚህ ጊዜ ለመገመት አልደፈረችም። አንዴ ገምታ አይታዋለች።

ወደ ሐረር ሲመለሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወይዘሮ ገላነሽ ጫማዋን ራሳቸው አደረጉላት፤ እሷም እግሯን ዘረጋችላቸው። 

«የዚያች ሴትዮ አገር» አሉ እናቷ በድንገት፣ «ብርዱን ጋቢ ይችለዋል?»

ነፃነት ዞር ብላ አየቻቸው። «እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«ሳይደርስ አይወራም።»

«አሁን እኮ ብርዱን ጠየቅሽኝ!»

«ብርድ መጠየቅ ክልክል ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጋሽ ግርማ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደረጉት። ነፃነት እንደገና ግራ እየገባት የእናቷን ማጅራት ስታይ ቆየች። መኪናው ቀርሳን አልፎ ሲወጣ ወይዘሮ ገላነሽ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው ሆነው፣

«ከነገንዘቡ ነው ያልኩት» አሉ። «መመለሻዋንም ጭምር።»